ማኪና ግርግር ልብስ አሰፍቼ መጣሁ

ከ11 ዓመት በኋላ ነው ከቨርጂኒያ ሐረር የገባሁት። ስለተጠቀምኩበት አገልግሎት ልጻፍ ብዬ ተነሳሁ፤ ከሆቴሉም ከባጃጁም በፊት ግን ማኪና ግርግር ይቅደም።

ለማታውቁት፣ ከፈረስ መጋላ አደባባይ ወደ ግድር መጋላ ገበያ የሚወርደው የልብስ ሰፊዎች መንገድ ነው። ስሙም ከስፌት መኪናው ድምፅ የመጣ ነው፤ ገና ሳትደርሱ ይሰማችኋል። ከኋላ የጨርቅ ሱቆች፣ ከፊት ጥላ ስር ሰፊዎቹ። ጨርቁን ገዝታችሁ ሁለት እርምጃ ሳትሄዱ ታሰፋላችሁ። እኔም ለእናቴ ዲሪያ፣ ያንን ሰፊ ቀሚስ፣ አሰፋሁ። ሰፊው ትልቅ ሰው ናቸው፤ ሜትራቸውን አንገታቸው ላይ ጣል አድርገው "ልጄ፣ እናትህ እስከየትህ ትደርሳለች?" አሉኝ፣ ትከሻዬን ሳሳያቸው እዚያው ለክተው ቆረጡ። ጠዋት ሰጥቼ 10 ሰዓት ሳይሞላ ወሰድኩ። እጅጌው ረዝሞ ነበር፤ እዚያው ቆሜ ተርትረው አስተካከሉልኝ፣ አንድ ብር አልጨመሩም።

እስኪያልቅ ቀና ብዬ ቤቶቹን አየሁ። እዚህ አድጌ ልብ ብያቸው አላውቅም! ነባሩ የሐረሪ ቤት ፊቱን ወደ ግቢው ነው የሚያዞረው፣ ለመንገዱ የሚታየው አጥሩ ነው። በ1879 ዓ.ም. ምኒልክ ከተማዋን ከያዙ በኋላ ግን የህንድ ነጋዴዎች ሌላ አሠራር ይዘው መጡ፤ ፎቅ ያለው፣ በረንዳው ወደ መንገድ የሚያይ ቤት። ነጋዴ ነዋ፣ ደንበኛውን ማየት አለበት! መንገዱ የጠበበው ደግሞ አሚር ኑር በ16ኛው ክፍለ ዘመን ያሳጠሩት ጀጎል ግንብ ውስጡ 48 ሄክታር ያህል ብቻ ስለሆነ ነው፤ ያ ሁሉ ጥላ የተገኘውም ከዚሁ ጥበት ነው። ዩኔስኮ በ1998 ዓ.ም. የመዘገበው ቅርስ ነው፣ እኔ ያየሁት አንድ በረንዳ ግን እንጨቱ በስብሶ በቆርቆሮ ተለብጧል። አንጀቴን ነው የበላኝ።

ታች ግድር መጋላ ሥጋ ተራው ጋ ስትደርሱ የያዛችሁትን ጠበቅ አድርጉ፣ ጭልፊቶቹ ከእጅ ይነጥቃሉ።

አስጎብኚ ከያዛችሁ ዋጋውን በደንብ ጨርሱ። እኔን አንዱ ስንለያይ እጥፍ ጠይቆኛል፣ በጣም ነው ያዘንኩት።

ለስፌት ደግሞ በጠዋት ሂዱ። ከምሳ በኋላ በርጫ (ጫት የሚቃምበት ሰዓት) አለ፣ ዓርብም ጁምዓ ነው። 3 ሰዓት ላይ ከደረሳችሁ በዚያው ቀን ትወስዳላችሁ።