ጅማ ላይ ዝናብ መጥረጊያ ላስቸገራችሁ፦ ሞተር ከመግዛታችሁ በፊት ይህን ሰው አሳዩት

መርካቶ አካባቢ በአሮጌ ፒክ አፖች ኤሌክትሪክ ላይ ለሚሠራው ወንድማችን፦ እጅህን ቁርጥማት አይንካው። ገለቶሚ (እናመሰግናለን)። ስሙና ስልኩ እዚህ እንዲለጠፍ ስላልወደደ፣ የሚፈልግ በውስጥ መስመር ይጠይቀን። «ጎበዝ ነው» ብሎ ማለፍ ግን ማንንም አይረዳም፤ ስለ ሁሉም ባለሙያ ይባላልና። ስለዚህ ምን እንዳደረገ በዝርዝር እንጻፍ።

መኪናው ባለ 2.8 ናፍጣ አሮጌ ሃይሉክስ ነው። መጥረጊያው መጀመሪያ ዘገየ፣ ቀጥሎ መስታወቱ መሃል ላይ ይቆም ጀመር፣ በመጨረሻ ፊውዝ እየበላ መጣ። ሌላ ቦታ ኮፋኖው እንኳ ሳይከፈት «ሞተሩ ተቃጥሏል፣ ቀይሩት» ተብሎ ነበር።

እሱ ካቻቪቴ ከማንሳቱ በፊት ሦስት ነገር ጠየቀ። የሚዘገየው በሁለቱም ፍጥነት ነው ወይስ በአንዱ? ሲጠፋ ወደ ቦታው ይመለሳል? መጥረጊያው ሲቆም የሞተሩ ድምፅ ይሰማል? መልሱ ግማሽ ሥራ ነው። በፈጣኑ እየሠራ በዝግታው እምቢ የሚል ከሆነ፣ ሞተሩ ውስጥ ለዝግታው የተመደበው፣ ከረንት የሚያስተላልፈው ካርቦን አልቋል ወይም መሪው ላይ ያለው ማብሪያ ተበላሽቷል። ሞተሩ እየጮኸ መጥረጊያው ካልተንቀሳቀሰ፣ ሞተሩን ከመጥረጊያው የሚያገናኘው ዘንግ መገጣጠሚያው ወልቋል ወይም የመጥረጊያውን እጅ የያዘው ዳዶ ላልቶ ጥርሱ ላይ እየተንሸራተተ ነው። ይሄኛውን በ12 ወይም በ14 ቁጥር ቁልፍ ራሳችሁ ማጥበቅ ትችላላችሁ። በሁለቱም ፍጥነት ከዘገየ ግን ወይ ከረንት በደንብ አይደርሰውም፣ ወይ ሸክም በዝቶበታል።

ከረንቱን በግምት አልፈረደም፤ መጥረጊያው እየሠራ ቴስተሩን የሞተሩ ሶኬት ላይ ገጠመ። እዚያ የሚገኘው ቮልት ከባትሪው ከግማሽ ቮልት በላይ ካነሰ ችግሩ መንገድ ላይ ነው፦ ማብሪያው፣ ሶኬቱ ወይም ሽቦው። ቀጥሎ ከሞተሩ አካል እስከ ባትሪው ኔጌቲቭ ለካ። እዚህ ከ0.2 ቮልት በላይ ከታየ ሞተሩ ከቦዲው ጋር የታሰረበት ቦታ ዝጓል ወይም ቀለም ይዞታል ማለት ነው። ሁለቱም ደህና ነበሩ።

ከዚያ ዘንጉን ከሞተሩ አላቀቀውና ሞተሩን ብቻውን አስነሳው። በሁለቱም ፍጥነት እንደ አዲስ ዞረ! «ተቃጥሏል» የተባለው ሞተር ማለት ነው። የመጥረጊያው እጆች የሚታሰሩባቸውን ሁለቱን ምሰሶዎች ደግሞ በእጁ ሞከረ። በሁለት ጣት መዞር ከነበረባቸው አንዱ፣ የተሳፋሪው በኩል፣ አልላወስ አለ። ፊውዙን የሚበላው ይሄ ነው፤ ሞተሩ የደረቀ ምሰሶ ሲጎትት ከአቅሙ በላይ ከረንት ይስባል።

ምሰሶው ለምን ደረቀ? ጅማ ውስጥ መኪና ዛፍ ሥር ያድራል፤ ቅጠሉ ከኮፋኖው ጀርባ ባለው ወንፊት ገብቶ ከቀዩ አፈር ጋር እየተጋገረ የውሃ መውጫውን ይደፍነዋል። ውሃው እዚያው ተኝቶ ግራሶውን አጥቦ ዝገት ይተካበታል። ደብሊውዲ 40 መርጨት ለጊዜው ያላውሰዋል፣ የቀረውን ግራሶ ግን ስለሚያጥበው ብዙ ሳይቆይ ይብስበታል። የተቃጠለ ዘይትማ አቧራ ሰብስቦ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፈጫል።

ስለዚህ ምሰሶውን አወጣው። ቀለበቱን፣ ዋሸሩንና ኦሪንጉን (የላስቲክ ቀለበቱን) እንደ ቅደም ተከተላቸው ጨርቅ ላይ ደረደረ፣ የምሰሶውን ዘንግ በለስላሳ ብርጭቆ ወረቀት ወለወለ፣ ዘንጉ የሚዞርበትን ቦኮላ በነጭ ጋዝ አጥቦ አደረቀ፣ ሊትየም ግሪስ ሞላ፣ አዲስ ኦሪንግ አስገባ። ቦኮላው ተበልቶ ምሰሶው ቢንገጫገጭ ኖሮ መቀየር ነበረበት፤ እዚህ አላስፈለገም።

መሃል ላይ መቆሙ ሌላ ጣጣ ነው። ማብሪያውን ስታጠፉ ከረንቱ ወዲያው አይቋረጥም። ሞተሩ ውስጥ ካለው ጥርስ ጋር የሚዞር ዲስክ መጥረጊያው ቦታው እስኪደርስ ድረስ በሌላ ሽቦ ያበላዋል፤ ሲደርስ ይቆርጠዋል። ዲስኩን እየነኩ ከረንት የሚያስተላልፉት መንኪያዎች በደረቀ ግራሶ ሲሸፈኑ ወይም ያ ቋሚ ሽቦ ሲቋረጥ፣ መጥረጊያው ባጠፋችሁበት ቦታ ይቀራል። የጥርሱን ክዳን ፈትቶ መንኪያዎቹን አጸዳ፣ ምላሳቸውን በትንሹ ቀና አደረገ፣ አለቀ። በእጅ እየገፋችሁ የምትመልሱ ተጠንቀቁ፤ የውስጡን ጥርስ ትሰብራላችሁ።

ሲገጥም ያደረገውን ሌላ ቦታ ብዙ አናይም። ሳይፈታ በፊት የመጥረጊያዎቹን ማረፊያ መስታወቱ ላይ በፕላስተር ምልክት አድርጎ ነበር። ሞተሩን አስነስቶ በማብሪያው አጠፋና ራሱ እስኪያርፍ ጠበቀ፤ የመጥረጊያዎቹን እጆች በምልክቱ ልክ የመለሰው ከዚያ በኋላ ነው። ይህ ካልተደረገ መጥረጊያው ጎን ያለውን ብረት ይመታል።

ፊውዙን የፊውዝ ሳጥኑ ክዳን ላይ በተጻፈው አምፔር ቀየረ። የፊውዙን እግር በመዳብ ሽቦ ጠቅልለው የሚሄዱ አሉ፤ ያኔ ፊውዙ መቃጠሉ ይቀርና ዳሽቦርድ ሥር ያለው ሽቦ ይቃጠላል።

የእውነት ሞተሩ የሞተባችሁ እንደሆነ ያገለገለ ስትገዙ መሪው በቀኝ ከነበረ መኪና የተፈታ እንዳይሆን ጠይቁ። ብሎኖቹ ሊገጥሙ ይችላሉ፣ ማረፊያው ግን ሊገለበጥባችሁ ይችላል። መሪያቸው ከቀኝ ወደ ግራ የተዛወረ መኪኖችም አሉ፤ መጥረጊያቸው ካልተቀየረ ከሾፌሩ ፊት ሳይጠረግ የሚቀር ጥግ ይኖራል። ያ ብልሽት አይደለም፣ ሞተር ቢቀየርም አይጠፋም።

የመጥረጊያውን ጎማ እሱ አይሸጥም። አሮጌውን በሜትር ለክታችሁ ያንኑ ርዝመት ግዙ፤ የረዘመ እርስ በርሱ ይጋጫል። አዲስ ጎማ እየተንቀጠቀጠ ቢጠርግ መጀመሪያ መስታወቱን በሳሙና እጠቡ፤ የናፍጣ ጭስ ቅባት ይተዋል። ካልተሻለው የመጥረጊያው እጅ ተጣምሟል፤ ጎማው መስታወቱ ላይ ቀጥ ብሎ እንዲቆም በፒንሳ ቀስ ብሎ ማቃናት ነው።

የጠየቀው የእጅ ዋጋና የኦሪንግ ብቻ ነው። ስትሄዱ የወንፊቱን ቅጠል አጽድታችሁ ሂዱ፣ ጊዜ ይቆጥብለታል። ሐሙስ ገበያ ስለሆነ መንገዱ ይጨናነቃል፤ በሌላ ቀን ጠዋት ድረሱበት።