የእናቴን የአርባ መጽሔት ያሳተምንበት ቤት

እናቴ ያረፈችው ኅዳር 14 ቀን ሲሆን አርባዋ የሚውለው ታኅሣሥ 23 ቀን ነበር። በሁለቱ ቀኖች መካከል በደብረ ማርቆስ ከተማ የሚገኝ አንድ አነስተኛ የፎቶግራፍና የኅትመት ቤት ጉርድ ፎቶግራፏን አጽድቶና አጉልቶ፣ የሕይወት ታሪኳን የያዘ ባለ 16 ገጽ መጽሔት አዘጋጅቶ፣ አርባ ቅጂ አትሞ አስረክቦናል። የቤቱን ስም የማልጠቅሰው ከመልካም ሥራው ጋር ሁለት ስሕተቶቹንም ስለምናገር ነው። ሥራው በጥቅሉ ማለፊያ ነው፤ ማለፊያ የሆነበት ምክንያት ግን እኔ ከጠበቅሁት በኩል አልመጣም።

መጽሔት ለማሳተም ያሰብነው ለይታይልን አልነበረም። እናቴ የኖረችውና የተቀበረችው ከደብረ ማርቆስ ወደ ደምበጫ በሚወስደው መንገድ፣ ከአማኑኤል ከተማ ወጣ ብላ በምትገኝ የገጠር ቀበሌ ነው። ሞቷ በተሰማ ዕለት መንገዱ ተዘግቶ ስለነበር አዲስ አበባና ባሕር ዳር ያሉት ልጆቿና የልጅ ልጆቿ ለቀብሩ አልደረሱም፤ አንዳንዶቹ ልቅሶ የደረሱት ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ ድንኳኑ ከፈረሰ፣ አልቃሾቹም ወደየቤታቸው ከተመለሱ በኋላ ነው። በአገራችን ልማድ የሟች ሕይወት ጎልቶ የሚነገረው በዚያች በመጀመሪያዋ ቀን ነው፤ ሙሾ አውራጇ ዘሯን፣ ሙያዋን፣ ደግነቷን እያነሣች ታወርዳለች፤ ሟቹ ወንድ ከሆነ ይፎከርለታል፤ በአዊ በኩል ደግሞ ፈረሰኛ ሲሞት ፈረሱ ተሸልሞ ከልቅሶው መካከል ይወጣል። ያን ቀን ያልነበረ ሰው ዘግይቶ ሲመጣ የሚተርፈው ንፍሮውና «እግዜር ያጥናህ» የሚለው ቃል ነው። ስለዚህ ታናሽ ወንድሜ «ያልሰሙት ሁሉ እንዲያነቡት እናድርግ» አለ፤ ነዋሪነቴ ከተማ ስለሆነ ሥራው በእኔ ላይ ወደቀ።

ወደዚህ ቤት የሄድሁት ከቀብሩ በሰባተኛው ቀን ነው። አስቀድሜ ሁለት ሌሎች ቤቶችን ጠይቄ ነበር፤ በሁለቱም ወሬው የተጀመረው ከወረቀቱ ውፍረትና ከዋጋው ሲሆን፣ አንደኛው «ስሟንና ዕድሜዋን አምጣልን፣ የቀረውን እኛ እናውቀዋለን» ብሎኛል። የሦስተኛው ቤት ባለቤት፣ ወደ ሃምሳው የተጠጋ ዝግ ያለ ሰው፣ መጀመሪያ ወንበር ሰጠኝ፤ ቀጥሎም «እግዜር ያጥናህ ወንድሜ፣ ማን ነው የሞተብህ?» ብሎ ጠየቀኝ፤ ከዚያም ከመሳቢያው አንድ የተማሪ ደብተር አውጥቶ እየጠየቀ ይጽፍ ጀመር። የክርስትና ስሟ ማን ነው? ጽዋ የምትጠጣው የማን ነበር? ያሳደጋት ማን ነው? እጇ የሚያውቀው ሙያ ምንድን ነው? ስትቆጣ ምን ትል ነበር? የዘራችው፣ የተከለችው፣ ዛሬም የቆመ ነገር አለ?

የክርስትና ስሟን ለምን እንዳስቀደመ ስጠይቀው የሰጠኝ መልስ ከልምድ የመጣ ነው። ካህናቱ በጸሎተ ፍትሐቱም ሆነ በተዝካሩ የሚጠሩት ሴት ልጅ በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ስትነሣ የወጣላትን ስም ነው፤ በመታወቂያና በመሬት ደብተር ላይ ያለው የዓለም ስሟ እዚያ አያገለግልም። «አርባና ሰማንያ ላይ ካህኑ ስም ሲጠይቁ ልጆቹ እርስ በርሳቸው ሲተያዩ ስንት ጊዜ ዐይቻለሁ መሰለህ» አለኝ። እኔም ከጠየቀኝ ውስጥ ግማሹን ያህል መመለስ አልቻልሁም። ቀብድ ልሰጠው ብር ሳወጣ «መጀመሪያ ሂድና ጠይቀህ ና» ብሎ ገንዘቡን አልተቀበለኝም።

በአገልግሎት ግምገማ ውስጥ የማይገባ ቢመስልም፣ ከዚህ በኋላ ስለሆነው ነገር መናገር ይኖርብኛል፤ ለከፈልሁት ገንዘብ ያገኘሁት ትልቁ ነገር እርሱ ነውና። ደብተሩን ይዤ ወደ አማኑኤል ተመለስሁና ከእናቴ ታላቅ እኅት ጋር ሁለት ቀን ተቀመጥሁ። መታወቂያዋ እናቴን በ1950 ዓ.ም. የተወለደች ያደርጋታል፤ አክስቴ ግን ሳቀች። እናቴ የተዳረችው የጎጃም ገበሬ በእርሻ ገቢ ግብር ምክንያት በዐመፀበት በ1960 ዓ.ም. ሲሆን፣ ሰርገኛው የመጣው ወንዶቹ እየፈሩ በማታ ነበር፤ ያን ጊዜ ዕድሜዋ ዐሥራ አራት ግድም ነው። በመታወቂያው ብንሄድ ኖሮ በዐሥር ዓመቷ ተዳረች ብለን ልናትም ነበር ማለት ነው። አክስቴ ቀጥላ ከእናቴ ሙዳይ ውስጥ አራት ቦታ የታጠፈ ወረቀት አወጣችልኝ፤ በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲካሄድ የተሰጣት የምስክር ወረቀት ነበር። እናቴ ማንበብ እንደምትችል ዐውቃለሁ፤ ማታ ማታ በኩራዝ ብርሃን ውዳሴ ማርያም ስትደግም ነው ያደግሁት፤ የት ተማርሽ ብዬ ግን አንድ ቀን ጠይቄያት አላውቅም ነበር። አክስቴ እንደነገረችኝ ልጅ አዝላ፣ ከዛፍ ሥር ተቀምጣ ነው የተማረችው፤ የታዘለው ደግሞ እኔ ነኝ።

ወደ ፎቶግራፉ ልምጣ። እናቴ ፎቶግራፍ የተነሣችው ለመታወቂያ ብቻ ነው፤ እርሱም ስፋቱ 3 ሴንቲ ሜትር የሆነ ጉርድ ሆኖ የቀበሌው ማኅተም ከአገጯ ሥር እስከ አንገቷ ድረስ ወርዶበታል። እኔ በስልኬ አንሥቼ ይዤው ሄጄ ነበር፤ ባለቤቱ ያን ሳያየው መታወቂያውን ራሱን እንዳመጣ ነገረኝ፤ በስልክ የተነሣው የፕላስቲኩን ነጸብራቅና የእጅን መንቀጥቀጥ አብሮ ስለሚይዝ፣ ሲጎላ የሚጎላው እርሱ ነው። ወረቀቱን በስካነር ካነሣ በኋላም እኔ የፈለግሁትን ትልቅ መጠን ከለከለኝ። ሦስት ሴንቲ ሜትሩ ወደ ሠላሳ ሲመጣ ዐሥር እጥፍ ይሆናል፤ ከዚያ በላይ ቢሄድ ፊቷ ይበተናል፤ ስለዚህ 30 በ40 ይበቃል አለኝ። ትልቁን ቢሸጥልኝ የሚያተርፈው ብዙ እንደነበር ኋላ ዋጋውን ስሰማ ነው የገባኝ።

የመጀመሪያው ስሕተት የመጣው እዚህ ላይ ነው። ናሙናውን ለማየት በአራተኛው ቀን ስሄድ በኮምፒውተሩ ላይ የቀረቡልኝ ሴት ቆንጆ ነበሩ፤ እናቴ ግን አልነበሩም። ሲያጸዳ የነበረው ወጣት ሠራተኛ የማኅተሙን ሰማያዊ ቀለም ሲያነሣ የአንገቷን ንቅሳት አብሮ አንሥቶታል፤ በግንባሯ ላይ ያለውን መስቀልም እንደ ነጠብጣብ ቆጥሮ አጥፍቶታል፤ የዐይኖቿን ዙሪያ መጨማደድም እንደ ብርሌ አለስልሶታል። የጎጃም ሴት በአንገቷ ዙሪያ የተነቀሰችው ንቅሳት ከነፍሷ ባይቆጠርም ከመልኳ የሚቆጠር ነው። ልጁ ደንግጦ «ቀለም መስሎኝ ነው ጋሼ» አለኝ፤ ልቆጣው አልቻልሁም፤ ማኅተሙም ንቅሳቱም በእርግጥ አንድ ዓይነት ሰማያዊ ነበሩ። ይሁን እንጂ ሟችን የማያውቅ ሠራተኛ ፊትን ከመንካቱ በፊት የሚያውቃትን ሰው መጠየቅ ይገባው ነበር፤ ባለቤቱ በደብተሩ ያን ያህል ሲጠይቅ «በፊቷ ወይም በአንገቷ ላይ ምልክት ነበራት ወይ?» የሚል ጥያቄ አለማካተቱ ጉድለት ነው። ይህንኑ ነግሬው በእኔ ፊት በደብተሩ የመጨረሻ ገጽ ላይ ጽፎታል።

ጥገናው ከስሕተቱ ይልቅ የሚወራለት ሆነ። ማኅተሙ ያረፈበትን የንቅሳቱን ክፍል ከመታወቂያው መመለስ አይቻልም ነበር። እናቴና አክስቴ ግን በልጅነታቸው በአንድ ቀን፣ በአንዲት ነቃሽ እጅ፣ አንድ ዓይነት ሦስት ረድፍ ነው የተነቀሱት። የአክስቴን አንገት አቅርቤ በፎቶግራፍ አንሥቼ አመጣሁላቸው፤ ወጣቱ ከታላቂቱ አንገት ወስዶ የታናሺቱን ሞላው። በአርባው ዕለት ፎቶግራፉ ሲገለጥ አክስቴ እጇን ወደ ገዛ አንገቷ ሰድዳ ቆየች።

ስለ ጀርባው ምስል ረጅም ክርክር ነበረብን፤ ክርክሩ ግን ከእኅቶቼ ጋር እንጂ ከቤቱ ጋር አልነበረም። በግድግዳው ላይ የተሰቀሉት ናሙናዎች ሟቾችን በደመና፣ በፏፏቴ፣ በጽጌረዳ፣ አንዱን እንዲያውም በወርቅ ደረጃ ላይ ያቆማሉ። እኔ የማንም ሐዘንተኛ ምርጫ አልነቅፍም፤ ዳሩ ግን የእኛዎቹ የቀደሙ ሠዓሊዎች ሰውን በሥዕል ሲያስታውሱ ሥፍራውን ያውቁለት ነበር። በጣና በደቅ ደሴት ባለችው ናርጋ ሥላሴ፣ ቤተ ክርስቲያኒቱን ያሠሩት እቴጌ ምንትዋብ ከእመቤታችን እግር ሥር ተደፍተው ተሥለዋል፤ እቴጌ ቢሆኑም ቦታቸው እዚያ ነው። የእናቴ ቦታ ከቤቷ ደጃፍ፣ ከስፌቷ አጠገብ ነበርና ባለቤቱ ሐሳቡን ሰምቶ ጀርባውን ሜዳማ ግራጫ አደረገው፤ ለዚህም ከዋጋው ላይ ጥቂት ቀነሰልን።

በጽሑፉ በኩል ቤቱ ያዘጋጃቸው ግጥሞች አሉ፤ ሐዘንተኛው መርጦ በገጽ መጀመሪያ ላይ ያስገባል። ከዚህ ቀደም የታተሙ ሦስት መጽሔቶችን ሳገላብጥ በሁለቱ ላይ አንዱን ግጥም አገኘሁት፤ ያውም አንደኛው የካህን፣ ሁለተኛው የሹፌር ነበር። ይህ የቤቱ ደካማ ጎን ነው። እኛ በምትኩ በቀብሯ ዕለት ሙሾ አውራጇ ያወረደችውን፣ አክስቴ በቃሏ የያዘችውን ሁለት ስንኝ አስገባን፤ እናቴ ጀምራው የሄደችውን ሞሰብ ዐይታ ያለችው ነው፦

አክርማው ተነክሮ፣ ስንደዶው ተለቅሞ፣
ሞሰቧ ቀረብን ክዳን አጥቶ ቆሞ።

ባለቤቱ ይህን ሲያነብ ሞሰቡን ራሱን አምጥቼ እንዲያነሣው ጠየቀኝ፤ የመጽሔቱ የኋላ ሽፋን ያ ያልተከደነ ሞሰብ ነው። ሐሳቡ የእርሱ መሆኑን በግልጽ መመስከር አለብኝ።

ሁለተኛው ስሕተት ግን ከብዷል። አርባው ቅጂ ታትሞ ታኅሣሥ 20 ቀን ሲደርሰኝ በሽፋኑ ላይ የእናቴ ክርስትና ስም «ወለተ» በማለት ፈንታ «ወልደ» ተብሎ ጀምሮ አገኘሁት፤ በአንዲት ቃል ሴቲቱን ወንድ አደረጋት። ያየሁትም እኔ አይደለሁም፤ መጽሔቱን ለንስሐ አባቷ ሳሳያቸው የኔታ መነጽራቸውን ከፍ አድርገው «ይኸ ማን ነው?» አሉኝ። ጎጃም የቅኔ አገር ነውና በእያንዳንዱ ልቅሶ ቤት እንዲህ ያለውን የሚያይ ዐይን አይጠፋም። የውስጡን ጽሑፍ አስቀድመው የኔታ አርመውልን ስለነበር «ሐዘን»ም «ዐረፈች»ም በየፊደላቸው ነበሩ፤ ሽፋኑ ግን በመጨረሻው ሰዓት ስለተዘጋጀ ማንም ሳያነበው ወደ ማተሚያው ገብቷል። ጥፋቱ የእኔም ነው፤ ሽፋኑን በስልክ ልከውልኝ «ይሁን» ያልሁት ፎቶግራፉን ብቻ ዐይቼ ነበር። ባለቤቱ ግን ይህን አላነሣብኝም፤ ሽፋኑን ሁሉ በራሱ ወጪ ቀይሮ በታኅሣሥ 22 ቀን ማታ፣ የአርባው ዋዜማ ላይ፣ ራሱ ይዞልኝ መጣ። በዚያች ሁለት ቀን ያሳለፍሁትን ጭንቀት ግን ማንም አይመልስልኝም።

ዋጋውን በአጭሩ ልናገር፦ መጽሔቱ በነፍስ ወከፍ 120 ብር፣ ፎቶግራፉ ከነፍሬሙ 2,600 ብር ሆኗል፤ ከጠየቅኋቸው ሁለት ቤቶች አንዱ ይረክሳል፣ አንዱ ይወደዳል። የሽፋኑ ወረቀት ጠንካራ ነው፤ በውስጡ ያሉት ፎቶግራፎች ትንሽ ይጠቁራሉ። ባነሩን እድሩ የራሱን ስለሰጠን አላሠራነውም። የሟችን ፎቶግራፍ የያዘ ቲሸርት ለልጅ ልጆቿ እንዲታተም አንዲት እኅቴ ጠይቃ ነበር፤ አክስቴ «እርሷን ለብሰው ሊቀመጡባት ነው?» ብላ አስቀረችው፤ ባለቤቱም አልገፋፋንም።

ይህን ቤት ወይም እርሱን የመሰለ ሌላ ቤት ለሚሄድ ሰው የምለው፣ ናሙናውን ብቻውን እንዳያይ ነው፤ ፊቱን የሟችን እኅት ወይም ጎረቤት፣ ስሙን ደግሞ ንስሐ አባት ይዩት። ሥራው ከተጀመረበት እስከ ርክክቡ ሦስት ሳምንት ገደማ ወስዷልና ለሣልስት ወይም ለሰባት የሚታሰብ አይደለም፤ ለአርባ እንኳ ይጣደፋል፤ ለሰማንያ ወይም ለሙት ዓመት ቢሆን ይሻላል። የተዘጋጀውንም ጽሑፍና ፎቶግራፍ በፍላሽ እንዲሰጣችሁ ጠይቁ፤ እኛ ሳንጠይቅ ሰጥቶናል።

በሰማንያዋ ማግስት፣ የካቲት 4 ቀን፣ አክስቴ ደውላ አንድ የረሳችውን ነገር ነገረችኝ፦ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር በስተምሥራቅ ያሉትን ሁለት የጽድ ዛፎች የተከለቻቸው እናቴ ናት፤ አንዱን እኔ በተወለድሁ ዓመት፣ አንዱን የሞተባት ልጅ በተቀበረ ዓመት። ለሙት ዓመቱ ድጋሚ ብናሳትም ይገባ እንደሆነ ለመጠየቅ ወደ ባለቤቱ ደወልሁ። መጽሔቱ በመካከሉ በሽቦ ስለሚያያዝ ገጹ ሲጨመር አራት አራት እየሆነ ነው፤ ወጪው እንዳይበዛብን ሰግቼ ነበር። ደብተሩን ሲያገላብጥ በስልኩ ይሰማኛል። «ገጽ 14 ላይ ከታች በኩል ግማሽ ገጽ ባዶ አለ» አለኝ፤ «የዛፎቹን ፎቶግራፍ በጠዋት አንሣቸው፣ ብርሃኑ ከጀርባቸው እንዳይመጣ።»