ኤልደን ሪንግ፦ የመጀመሪያዎቹ አስር ሰዓታት

የካቲት 18 ቀን 2014 የወጣውን ኤልደን ሪንግ የተባለ የቪዲዮ ጌም አስር ሰዓት ያህል ተጫወትኩት። ገና ሊምግሬቭ ሜዳ ላይ ብቅ እንዳልኩ ወርቃማ ጥሩር የለበሰ ፈረሰኛ አየሁ። ገጠምኩት። በሁለት ምት ጣለኝ። ስድስት ጊዜ ሞከርኩ፣ አልቻልኩም። የሠሪው ኩባንያ የፍሮምሶፍትዌር የድሮ ጌም ቢሆን ብዙ ጊዜ እዚያው ትቀራለህ። እዚህ ግን ትቼው ሄድኩ። ቶረንት የሚባለውን ፈረስ አገኘሁ፣ ዋሻ ፈተሽኩ፣ ጉልበቴን አሳደግኩ። ሌቭል 20 ላይ ተመልሼ ፈረሴ ላይ ሆኜ ጣልኩት። እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር!

ካርታው በምልክት አያጨናንቅህም። ከማረፊያዎቹ የሚወጣ ቀጭን የብርሃን ጭረት አቅጣጫ ይጠቁምሃል፤ ሌላው የራስህ ዓይን ነው። በጣም ወደድኩት። ታሪኩ ግን ቁርጥራጭ ነው፤ የዕቃዎቹን መግለጫ ካላነበብክ አይገባህም። አሁን ስቶርምቬል ቤተ መንግሥት ደጃፍ ላይ ማርጊት የሚባል ኃይለኛ ጠላት አላሳልፍ ብሎኛል።