ለስኬል ሞዴል የትኛው ቀለም? ታሚያ፣ ቫሌሆ፣ ሚስተር ከለር እና ሃምብሮል ጎን ለጎን

ስኬል ሞዴል፣ ማለትም የእውነተኛ አውሮፕላን ወይም መኪና ትንሽ የፕላስቲክ ቅጂ፣ የሚሠሩ ሰዎችን መጽሔት የሚያገላብጥ ሰው ቶሎ የሚገጥመው ነገር አለ፤ ስለ አንድ አውሮፕላን አሠራር በተጻፈ ጽሑፍ ውስጥ የአራት ኩባንያ የቀለም ቁጥር ተደርድሮ ያያል። አካሉ በሚስተር ከለር፣ ጎማው በታሚያ፣ የአብራሪው ወንበር በቫሌሆ፣ እድፉ ደግሞ በሃምብሮል። ጸሐፊው መደርደሪያው ላይ ሁሉም ስላለው ያሻውን አነሣ እንጂ፣ ሥራው አራቱንም ስለጠየቀ አይደለም። ጀማሪ ያንን ዝርዝር ይዞ ገበያ ከወጣ ግን ደርዘን ጠርሙስና አራት ዓይነት ቲነር ተሸክሞ ይመለሳል፤ የትኛው ከየትኛው እንደሚስማማም አያውቅም።

ከስሙና ከዋጋው በፊት መታየት ያለበት ቀለሙ የሚሟሟበት ፈሳሽ ነው። በብሩሽ ይሠራል ወይስ በኤርብራሽ (ቀለምን በአየር ግፊት በሚረጭ ትንሽ መሣሪያ)፣ በመኖሪያ ክፍል ይረጫል ወይስ አይረጭም፣ በሻንጣ ይመጣል ወይስ አይመጣም፣ ሁሉም ከዚያ ይከተላል። ቫሌሆ በውኃ፣ ታሚያ አክሬሊክ በአልኮል፣ ሚስተር ከለር በላከር ቲነር፣ የሃምብሮል ኢናሜል ደግሞ በዋይት ስፒሪት ይቀጥናል፤ የኋለኛው የእኛ ቀለም ቀቢዎች አኳራጅ ከሚሉት ወገን ነው።

ለማወዳደሪያ አንድ ሞዴል እንያዝ፦ በ1/144 መጠን (ከእውነተኛው በርዝመት 144 ጊዜ ያነሰ) ቦይንግ 787-8፣ በኢትዮጵያ አየር መንገድ ቀለም። አየር መንገዱ ይህን አውሮፕላን እ.ኤ.አ. በኦገስት 2012 ከአፍሪካ ቀድሞ ተረክቧል፤ ኪቱን፣ ማለትም የሚገጣጠሙትን የፕላስቲክ ክፍሎች ስብስብ፣ ዝቬዝዳም ሬቬልም የተባሉ ኩባንያዎች አውጥተውታል። ሲገጣጠም ርዝመቱ 39 ሴንቲ ሜትር ያህል ሲሆን የአካሉ ገጽ ብቻ ወደ 500 ካሬ ሴንቲ ሜትር ይጠጋል። ቀለም ለመፈተን የተመቸ ነው፤ ሰፊ የሚያብረቀርቅ ነጭ፣ ግራጫ ክንፍ፣ ጅራቱ ላይ አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ። ነጭ፣ ቢጫና ቀይ ከሥር ያለውን ለመሸፈን በየትኛውም ብራንድ ደካሞች ናቸው። ግራጫ ፕላስቲክ ላይ በቀጥታ የተቀባ ቢጫ ቆሽሾ ወደ አረንጓዴ ያዘነብላል፤ ስለዚህ ከየትኛውም ቀለም በፊት ነጭ ፕራይመር (ከሁሉም ሥር የሚቀባ መነሻ ሽፋን) ግድ ነው።

ሚስተር ከለር

የጃፓኑ ጂኤስአይ ክሬኦስ የሚያወጣው ላከር ነው፤ ላከር በኃይለኛ ማሟሟያ የተሠራ ቀለም ነው። ጠርሙሱ 10 ሚሊ ሊትር ይይዛል፤ ጂኤክስ የተባለው ተከታታይ በ18 ሚሊ ይመጣል። ለ787ቱ ነጭ አካል ከአራቱ የሚወዳደረው የለም። አዲሱ ሽፋን የታችኛውን በጥቂቱ አሟሙቶ ከእሱ ጋር ይዋሐዳል፤ የመጀመሪያው ሽፋንም ፕላስቲኩን ነክሶ ይይዛል። በዚህ ምክንያት ማስኪንግ ቴፕ (የማይቀባውን ቦታ የሚሸፍነው) ሲላጥ ቀለሙ አብሮ አይነሣም፤ ከደረቀ በኋላም በብርጭቆ ወረቀት ይለሰልሳል፣ ይወለወላል።

የሚሠራው ልክ ይህ ነው፦ አንድ እጅ ቀለም፣ ከአንድ ተኩል እስከ ሁለት እጅ ሚስተር ሌቭሊንግ ቲነር፣ 0.3 ሚሊ ሜትር መርፌ፣ ከ1 እስከ 1.2 ባር። መጀመሪያ ከ12 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ርቀት ላይ ሁለት ስስ ሽፋን ይረጫል፤ በመካከላቸው አምስት ደቂቃ ይጠበቃል። ከዚያ ወደ 8 ሴንቲ ሜትር ተጠግቶ ሁለት ወይም ሦስት እርጥብ ሽፋን፣ በየመካከሉ ሃያ ደቂቃ። አንድ ቦታ ላይ ቀለሙ ከተንዠረገገ በጣት አይነካም፤ 48 ሰዓት ቆይቶ በ2000 ከዚያም በ4000 ቁጥር ወረቀት ከውኃ ጋር ተስተካክሎ እንደገና ይረጫል። ከኤርብራሽ ከሚወጣው ቀለም ብዙው ሞዴሉን ስቶ ስለሚያልፍ፣ አንድ 10 ሚሊ ነጭ ለዚህ አካል አይተማመኑበትም። ሁለት ጠርሙስ፣ ወይም አንድ ጂኤክስ 1 (የተከታታዩን ነጭ) ይግዙ።

ሌቭሊንግ ቲነር ከተራው የሚስተር ከለር ቲነር የሚለየው የሚያዘገይ ነገር ስላለበት ነው። ቀለሙ ከመድረቁ በፊት ለመተኛት ጊዜ ያገኛል። በብር የሚበልጠውን ያህል በውጤትም ይበልጣል። የመኪና ቀለም ቤት የሚሸጠው ቲነር ግን ለእቃ ማጠቢያ ብቻ ይሁን፤ ብዙ ጊዜ ኃይለኛ ስለሆነ ስስ የሞዴል ፕላስቲክን ያቀልጣል፣ የተቀረጹትን መስመሮችም ይደፍናል።

ችግሩ ትነቱ ነው። የሐኪም ቤት ማስክ ትነት አያቆምም፤ የሚያስፈልገው የኦርጋኒክ ትነት ማጣሪያ የሚገጠምበት ማስክ እና አየሩን በመስኮት የሚያወጣ ማራገቢያ ነው። እሳት ባለበት ቤት ጨርሶ አይረጭም። ቡና ሊፈላ ከሰል ተቀጣጥሎ ከሆነ ሥራው ለሌላ ጊዜ ይተላለፍ።

ታሚያ አክሬሊክ

ታሚያ ኤክስ (የሚያብረቀርቅ) እና ኤክስኤፍ (የማያብረቀርቅ) በሚሉ ሁለት መስመሮች ይመጣል፤ የተለመደው ጠርሙስ 10 ሚሊ ነው። አክሬሊክ ስለተባለ እንደ ቫሌሆ የሚቆጥረው ብዙ ነው፤ የሚሟሟው ግን በአልኮል ነው፣ ሽታም አለው። ኤርብራሽ ለሚጀምር ሰው ከሁሉም በላይ ይቅር ባይ ቀለም ይህ ነው። ሁለት እጅ ቀለም ከአንድ እጅ ኤክስ-20ኤ ቲነር ጋር ሲቀላቀል በ1.2 ባር ያለ ችግር ይወጣል፤ ለስስ መስመር እኩል በእኩል ይቀጥናል። በሚስተር ሌቭሊንግ ቲነር ሲቀጥን ደግሞ ይበልጥ ይለሰልሳል፣ ይበልጥም ይይዛል፤ የዚያን ጊዜ ግን የላከር ማስክና ማራገቢያ ያስፈልጋል። ኤርብራሹ ውስጥ ደርቆ ቢቀር እንኳ በአልኮል ይለቃል።

በብሩሽ ግን አይሆንም። አልኮሉ ቶሎ ስለሚተን ቀለሙ ብሩሽ ሥር ይጎተታል፤ ሁለተኛው ሽፋን የመጀመሪያውን አሟሙቶ ያነሣዋል፣ ፕላስቲኩም ተገልጦ ይታያል። የታሚያን ሪታርደር (መድረቅን የሚያዘገይ ፈሳሽ) ጥቂት ጠብታ ጨምሮ በሽፋኖቹ መካከል አንድ ቀን መጠበቅ ይረዳል። ጎማና የሞተር አፍ ለመቀባት ያ ይበቃል፣ ለክንፍ አይበቃም። የኤክስ መስመር ነጭም ለቀናት ጣት ላይ የሚጣበቅ ሆኖ ይቆያል፤ በዚያ ላይ አቧራ ይሰበስባል። ለ787ቱ ከታሚያ የሚወሰደው የክንፉ ግራጫ፣ የጎማውና የሞተሩ ቀለም ነው።

የመድኃኒት ቤት አልኮል ኤክስ-20ኤን ይተካል ወይ? ለማጠቢያ አዎ። 70 በመቶ የሆነው ግን ቀሪው ውኃ ስለሆነ ለማቅጠኛ ደካማ ነው፤ ፕላስቲኩ ላይ ተንጠባጥቦ ይሰበሰባል። ከ90 በመቶ በላይ የሆነ አይሶፕሮፒል ከተገኘ ለኤክስኤፍ ቀለሞች ይሠራል።

ቫሌሆ

የስፔኑ ቫሌሆ ጠብታ በሚያወርድ ጠርሙስ ይመጣል፤ 17 ወይም 18 ሚሊ። ገዢ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ ሞዴል ከለር ወፍራምና ለብሩሽ የተሠራ ነው፣ ሞዴል ኤር ቀጥኖ የመጣና ለኤርብራሽ የተዘጋጀ ነው። ሞዴል ኤርን በብሩሽ የሚቀባ ሰው አምስት ሽፋን ቀብቶም ፕላስቲኩን ሊያይ ይችላል።

ሞዴል ከለር በብሩሽ ሥራ ከአራቱ አንደኛ ነው። ለሦስት ጠብታ ቀለም አንድ ጠብታ ውኃ፣ ሁለት ወይም ሦስት ስስ ሽፋን፣ በየመካከሉ ግማሽ ሰዓት። የሰው ምስል፣ ወንበር፣ የመሣሪያ ሰሌዳ፣ ሁሉም ይሆናል። ሽታ የለውም ማለት ይቻላል፤ ልጆች ባሉበት ጠረጴዛ ላይ በብሩሽ ሊሠራ የሚችለው ይህ ነው።

ድክመቱ መያዝ ላይ ነው። ፕላስቲኩን አይነክስም፤ ላዩ ላይ ይተኛል እንጂ። ኪቱ በሳሙናና በለብታ ውኃ ካልታጠበ፣ ፕራይመርም ካልተቀባ፣ ለጅራቱ መስመሮች የተለጠፈው ቴፕ ሲነሣ ነጩን እንደ ቆዳ ገፍፎ ይሄዳል። የቫሌሆ የራሱ ፕራይመር ከ24 ሰዓት በፊት በብርጭቆ ወረቀት ቢነካ እንደ ላስቲክ ይጠቀለላል። ከሥሩ የጂኤስአይ ክሬኦስን ፕራይመር፣ ሚስተር ሰርፌሰር 1500 ነጭን፣ የረጨ ሰው ይህን ሁሉ አያይም፤ ያ ግን ላከር ስለሆነ ሽታው ተመለሰ ማለት ነው።

በኤርብራሽ ሲሆን የመርፌው ጫፍ ላይ ደርቆ ይዘጋል። ሞዴል ኤር ላይም ቢሆን ከ10 እስከ 20 በመቶ የራሱን ቲነር እና ሁለት ጠብታ ፍሎው ኢምፕሩቨር (ቀለሙ ሳይዘጋ እንዲፈስ የሚረዳ ፈሳሽ) መጨመር ይገባል፤ በየጥቂት ደቂቃው ጫፉን በእርጥብ ብሩሽ መጥረግም ግድ ነው። 0.4 መርፌ ከ0.3 ይሻለዋል። በአልኮል ወይም በላከር ቲነር ለማቅጠን የሚሞክር ሰው የኤርብራሹ ጽዋ ውስጥ እንደ እርጎ የተቋጠረ ነገር ያገኛል። ከደረቀ በኋላም ውኃ አያስለቅቀውም፤ እንደተረጨ ወዲያው ካልታጠበ ኤርብራሹን መፍታት ይከተላል።

ሃምብሮል ኢናሜል

እ.ኤ.አ. በ1919 በእንግሊዝ ሃል ከተማ ከተቋቋመው ድርጅት የመጣ፣ በ14 ሚሊ ቆርቆሮ የሚሸጥ ቀለም ነው። ሃምብሮል አክሬሊክም ስለሚያወጣ ሲገዙ ማሸጊያውን ያንብቡ። በኤርፊክስ ጀማሪ ስብስብ ውስጥ ከሙጫና ከብሩሽ ጋር የሚመጡት ትንንሽ ብልቃጦች አክሬሊክ ናቸው፤ በአኳራጅ አይቀጥኑም።

ኢናሜሉ ቀስ ብሎ ስለሚደርቅ የብሩሽ ምልክት ራሱ ይጠፋል። ትልቅ ገጽ በብሩሽ መቀባት ግድ ከሆነ ከቫሌሆ ይልቅ ይህ ይሻላል። ቆርቆሮው ሲከፈት ግን ቢያንስ ሦስት ደቂቃ ይማሰል፤ ማብረቅረቁን የሚያጠፋው ዱቄት ከታች ስለሚዘቅጥ፣ ሳይማሰል የተቀባ ማት (የማያብረቀርቅ) ቀለም እያብረቀረቀ ይደርቃል። ሁለተኛ ሽፋን ከ24 ሰዓት በፊት አይሞከርም። ለ787ቱ ነጭ 22፣ ቢጫ 69፣ ቀይ 19፣ አረንጓዴ 2 አሉ። ጅራቱ ላይ ያሉት ሦስቱ ጥሩ ናቸው። ነጩን ግን አንመክርም፤ ዘይት ያለበት ቀለም ስለሆነ ከዓመታት በኋላ በተለይ ጨለማ ውስጥ ከተቀመጠ ቢጫ ይሆናል።

ቅደም ተከተል

ከአንድ በላይ ዓይነት ለሚገዛ ሰው ሕጉ አጭር ነው፦ ላከር ከሥር፣ አክሬሊክ ከመካከል፣ ኢናሜል ከላይ። ሲገለበጥ፣ ማለትም ኢናሜል ላይ ላከር ሲረጭ፣ ከሥር ያለው አብጦ ይጨማደዳል፤ ከመላጥ በቀር መፍትሔ የለውም። በበር ዙሪያና በክንፍ መስመሮች ውስጥ የሚፈስሰው ጥቁር ማቅለሚያ በኢናሜል የሚሠራው ለዚህ ነው። በአኳራጅ በረጠበ የጆሮ ጥጥ ሲጠረግ ከሥሩ ያለውን ላከር ወይም በደንብ የደረቀ አክሬሊክ አይነካም። ዴካል (አርማና ጽሑፍ ያለበት ስስ ተለጣፊ) ከመለጠፉ በፊት ገጹ መብረቅረቅ አለበት፤ ማት ገጽ ላይ የተለጠፈ ዴካል ሥሩ አየር ይዞ እንደ ብር ያበራል። በሚስተር ከለር ነጭ የጨረሰ ሰው ይህን ደረጃ ያለ ተጨማሪ ቫርኒሽ ያልፋል።

የሚሠራበት አገር

አዲስ አበባ በበጋ አየሩ ደረቅ ነው፤ ቫሌሆ መርፌ ላይ፣ ታሚያም በአየር ላይ ቶሎ ይደርቃሉ። ገጹ አሸዋ የተነሰነሰበት ከመሰለ ቲነሩን መጨመርና ወደ ሞዴሉ መጠጋት ይፈታዋል። ክረምት ላይ ደግሞ ላከር ይነጣል፦ ቲነሩ ሲተን ገጹን ያቀዘቅዘዋል፣ በአየር ያለው እርጥበትም እዚያ ላይ ወደ ውኃ ጠብታ ይለወጣል። ዝናብ በሚዘንብበት ሰዓት አይረጭም፤ የነጣውም በደረቅ ቀን ሌቭሊንግ ቲነር ብቻ በስሱ ሲረጭበት ብዙ ጊዜ ይመለሳል። ዱባይ ወይም ሪያድ በሙቀቱ ወራት በረንዳ ላይ መርጨት ከንቱ ድካም ነው። ስቶክሆልም ወይም ኦስሎ ያለ ሰው ቫሌሆን በጥር ወር በፖስታ ባያዝዝ ይሻላል፤ በረዶ የሠራ የውኃ ቀለም ቢቀልጥም አይመለስም።

ከውጭ በዘመድ ሻንጣ ለሚያስመጡ ሰዎች ምርጫው ይጠብባል። ተቀጣጣይ ቀለምና ቲነር በእጅ ሻንጣም በሚጫነውም ክልክል ነው። ሚስተር ከለርና ሃምብሮል ኢናሜል እዚያ ውስጥ ይወድቃሉ፤ አልኮል ስላለበት ታሚያም እንዲሁ፣ የሚረጩ ቆርቆሮዎችም ጭምር። ቫሌሆ በውኃ የተሠራ ስለሆነ ይፈቀዳል። ጠርሙሶቹን በግልጽ ፕላስቲክ ከረጢት ማድረግና የኩባንያውን የደኅንነት መረጃ ወረቀት አትሞ አብሮ መያዝ ፍተሻ ላይ ክርክር ያስቀራል።

ምን ይገዛ?

ኤርብራሽና ማራገቢያ ላለው፦ ሚስተር ከለር ነጭ፣ ቢጫ፣ ቀይና አረንጓዴ፣ 400 ሚሊ ሌቭሊንግ ቲነር፣ ሚስተር ሰርፌሰር 1500 ነጭ፣ ለጎማና ለሞተር ሁለት የታሚያ ኤክስኤፍ። ቲነሩ ከቀለሙ ቀድሞ ስለሚያልቅ በትንሹ መግዛት ኪሳራ ነው።

ኤርብራሽ ኖሮት ጎረቤት የሚያማርር ወይም መስኮት የሌለው ክፍል ያለው ሰው ቫሌሆ ሞዴል ኤርን ከነፕራይመሩ፣ ከነቲነሩና ከነፍሎው ኢምፕሩቨሩ ይውሰድ። የብናኝ ማስክ ለዚህም ያስፈልጋል። ማስኪንግ ቴፑን መጀመሪያ እጅ ላይ ለጥፎ ኃይሉን መቀነስ፣ ሲነሣም ወደ ኋላ አጥፎ ቀስ ብሎ መሳብ ነጩን ያተርፋል።

ብሩሽ ብቻ ያለው ሰው 787ን ለጊዜው ይተወው። በብሩሽ የሚያብረቀርቅ ነጭ በ500 ካሬ ሴንቲ ሜትር ላይ ማውጣት የቆየ ሠሪንም ያማርራል። በ1/72 መጠን ያለ፣ የማያብረቀርቅ ቡናማና አረንጓዴ የሆነ የጦርነት ዘመን አውሮፕላን ይምረጥ፤ ከስድስት እስከ ስምንት ጠርሙስ ሞዴል ከለር፣ አንድ ማት ቫርኒሽ፣ ቁጥር 0 እና ቁጥር 2 ክብ ብሩሽ፣ 8 ሚሊ ሜትር ጠፍጣፋ ብሩሽ፣ ለመስመሮቹ ማቅለሚያ አንድ የሃምብሮል ማት ጥቁር ቁጥር 33፣ ከሰፈር ቀለም ቤት ደግሞ በትንሽ ጠርሙስ አኳራጅ።