ሱሉልታ የሚሠራው የቤተሰብ ኮላጅ፦ ዓይን ያለው እጅ፣ የቸኮለ ኮላ

ከእንጦጦ ማዶ፣ ሱሉልታ መንገድ ዳር ያለው ትንሽ ስቱዲዮ ከሁለት ባህል ለተወለዱ ቤተሰቦች ኮላጅ በትዕዛዝ ይሠራል። ፎቶ፣ ደብዳቤና ቁራጭ ጨርቅ ይቀበላል።

እዚያ ካሉት ሥራዎች የሚበልጠው የኢትዮጵያና የአርመን ዘር ላለው ቤተሰብ የተሠራው ነው። በ1924 እ.ኤ.አ. ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም ያስመጧቸው ወላጅ አልባ አርመናውያን ሙዚቀኞች፣ «አርባ ልጆች»፣ ከመጡ ወዲህ የሁለቱ ሕዝብ ታሪክ በሙዚቃም ተሳስሯል። ሠዓሊው ግን ባንዲራ አልለጠፈም። የአርመን ደብዳቤ ቆርጦ ከአማርኛ ደብዳቤ ጎን አስቀመጠ። የአርመን ፊደል ውስጥ ቁርጥ «በ»ን የሚመስል አለ፤ «ሀ»ን የሚመስልም አለ። መቁረጫው በእነዚያ ላይ ስላለፈ መስመሩ ከአንዱ ቋንቋ ወደ ሌላው ሳይቋረጥ ይሄዳል። ግሩም ነው! ጀበናና ካርታ የተለጠፈባቸው ሌሎቹ ግን የማንም ቤተሰብ ሊሆኑ ይችላሉ። ስታዝዙ የራሳችሁን ዕቃ ይዛችሁ ሂዱ።

ችግሩ ያለው ከኮላው ላይ ነው። መደቡ 4 ሚሊ ሜትር ኮምፔንሳቶ ሲሆን ወረቀት የሚለጠፈው በአንድ ፊቱ ብቻ ነው። ወረቀት በኮላ ሲርስ ይለጠጣል፣ ሲደርቅ ይሰበሰብና ጣውላውን ይጎትታል። 50 በ70 ሳንቲ ሜትር የሆነው ሥራ የጎበጠው ለዚህ ነው። በጀርባውም ተመሳሳይ ወረቀት በዚያው ኮላ እንዲለጠፍ ጠይቁ። ከክብደት በታች 24 ሰዓት መቆየት አለበት። በክረምት የሱሉልታ ብርድና እርጥበት አለና ሁለት ሦስት ቀን ቢሰጠው ይሻላል፤ ሲቸኩል ጠርዙ አየር ይቋጥራል።

ለወረቀት 3 እጅ ኮላ በ1 እጅ ውኃ ይበቃል። ለነጠላ ግን ሳይቀጥን፣ በስሱ ይቀባ፤ የቀጠነው በጨርቁ ሰርጎ ጥለቱ ላይ የሚያብረቀርቅ ነጠብጣብ ይተዋል። ነጠላው አስቀድሞ ታጥቦ ይተኮስ፣ አለዚያ በኋላ ይሸበሸባል።

ዋናውን ፎቶ አትስጡ። ትንሽ ከሆነ በ600 ዲፒአይ (የምስል ጥራት መለኪያ ነው) አስቃኙና በሌዘር ማተሚያ አሳትሙ፤ የተለመደው የኢንክጄት ቀለም ኮላ ሲነካው ይፈሳል። ፍሬሙም መስታወቱን ከጨርቁ የሚያርቅ ቢያንስ 3 ሚሊ ሜትር ክፍተት ይኑረው።

ስትረከቡ ጠፍጣፋ ጠረጴዛ ላይ አጋድሙትና አራቱን ማዕዘን በጣት ተጫኑ። ከተወዛወዘ ሳትከፍሉ መልሱት።