የጉልበት ሴንሰር ለቤት ውስጥ ፊዚዮቴራፒ፦ ከስምንት ወር አጠቃቀም በኋላ

የእናቴ የቀኝ ጉልበት ሎሚ ባለፈው ጥቅምት ተሰብሮ በቀዶ ሕክምና በሽቦ ከታሰረ በኋላ፣ ጉልበቷ ደርቆ እንዳይቀር በቀን ሦስት ጊዜ እንቅስቃሴ እንድትሠራ ታዘዘች። የምንኖረው ፍኖተ ሰላም ሲሆን የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ ያለችው ባሕር ዳር ነው፤ በወር አንድ ጊዜ መመላለስ እንኳ ለታመመ እግር ከባድ ነበር። ወንድሜ ከውጭ አገር ሲመጣ ሁለት ሴንሰሮች ያሉት የጉልበት መለኪያ ይዞልን መጣ፤ ከኅዳር ጀምሮ ሳናቋርጥ ተጠቅመንበታል።

አንዱ ሴንሰር ጭን ላይ፣ ሌላው ቅልጥም ላይ ይታሰራል። በእያንዳንዱ ውስጥ የፍጥነት ለውጥን የሚለካና የመዞር ፍጥነትን የሚለካ (ጋይሮስኮፕ የሚባለው) ክፍል አለ፤ መሣሪያው የሁለቱን ሴንሰሮች ዝንባሌ አነጻጽሮ የጉልበቱን ማዕዘን በብሉቱዝ ወደ ስልክ ይልካል። ለመለካት ኢንተርኔት አያስፈልገውም፤ መብራት ሲጠፋም አስቀድሞ ከተሞላ ሥራው አይቋረጥም።

በጣም የጠቀመን ማዕዘኑን እያዩ መሥራት መቻሉ ነው። እናቴ መደብ ላይ እግሯን ዘርግታ ተረከዟን ወደ መቀመጫዋ ስትስብ፣ ሕመሙ የሚጀምርበት ቦታ ላይ ሁልጊዜ ታቆም ነበር፤ እኔም ከዚያ በላይ ግፊ ለማለት አንጀቴ አይችልም። በመጀመሪያው ሳምንት 62 ላይ የቆመው ቁጥር በማግስቱ 64 ሲሆን ግን፣ ቁጥሩን ራሷ አይታ «ልጄ፣ ትናንት እዚህ አልደረስሁም» አለችና አንድ ጊዜ ደገመችው። በጥር 95፣ በሚያዝያ 112 ደረሰች።

ትልቁን ጉድለት ያገኘችው ባለሙያዋ ናት። መሣሪያው ሥራ ሲጀምር ቀጥ ብለው እንዲቆሙ አዝዞ ያንን አቋም ዜሮ ብሎ ይይዛል። የእናቴ ጉልበት ግን ያን ጊዜ ሙሉ በሙሉ አይዘረጋም ነበር፤ ባለሙያዋ በእጅ መለኪያ ስታየው 10 ዲግሪ ይቀረው ነበር። መሣሪያው ያንን ጎባጣ ጉልበት ቀጥ ያለ አድርጎ ስለቆጠረው የመዘርጋት ችግሯን ከእኛ ሰወረብን፣ እጥፋቱንም በዚያው ልክ አሳነሰብን። ሁለት ወር ሙሉ ማጠፉን ብቻ ስናሳድድ መዘርጋቱን ችላ ማለታችን እስካሁን ያሳዝነኛል። ጉልበቱ የማይዘረጋ ሰው ያለው ቤተሰብ ይህን መሣሪያ ከመጠቀሙ በፊት በባለሙያ እጅ ያስለካ፣ ልዩነቱንም በደብተር ይጻፍ እላለሁ።

ሌላም አለ። አንድ ጠዋት ከትናንቱ በ16 ዲግሪ ያነሰ ቁጥር አይተን ደነገጥን፤ ነገሩ ሲጣራ ሌሊቱን እግሯን በለጋ ቅቤ ታሽታ ስላደረች የቅልጥሙ ማሰሪያ ተንሸራቶ ሴንሰሩ ወደ ጎን ዞሯል። ከዚያ በኋላ እግሯን በሞቀ ውኃ አጥበን ሳናደርቅ አናስርም። ዳሌዋን ከፍ አድርጋ ጉልበቷን ስታግዝም መሣሪያው አያይም፤ ጉልበቱ እስከታጠፈ ድረስ እንደ ትክክል ይቆጥራል። ስለዚህ አጠገቧ ተቀምጦ የሚያይ ሰው ዛሬም ያስፈልጋል።

መተግበሪያው 120 ሲደርሱ አረንጓዴ አብርቶ ግቡ እንደተሟላ ያሳያል። ወንበር ላይ ለመቀመጥ 90 ያህል ስለሚበቃ፣ ለወንበር ኑሮ በቂ ይሆናል። እናቴ የምትመኘው ግን በርጩማ ላይ ተቀምጣ ቡና ማፍላትና በሰሞነ ሕማማት መስገድ ነው፤ ተንበርክኮ ተረከዝ ላይ መቀመጥ ደግሞ ከ130 በላይ እጥፋት ይጠይቃል። ዘንድሮ በሕማማት ምርኩዟን ይዛ ጎንበስ እያለች አሳለፈችው። ባለሙያዋ ሎሚው በደንብ መግጠሙን አይታ፣ ቀስ በቀስ ከ120 በላይ እንድትሞክር ፈቅዳለች፤ እኛም አረንጓዴውን መብራት ትተን በደብተራችን 135 ብለን ጽፈናል።