ፒያሳ፣ ጎንደር፦ ጥራዙ ጠንካራ፣ የገጹ ግርጌ ግን ተቆርጦ ነበር

ለትምህርት ቤታችን የሥነ ዜጋ ክበብ የሕገ መንግሥቱን 12 ቅጂ ያስጠረዝሁት ፒያሳ፣ ከፖስታ ቤቱ ወረድ ብላ ባለች ጠባብ ኮፒ ቤት ነው። አንዱ ከነሽፋኑ 120 ብር ወጣበት። ተማሪዎች አዋጥተው ለሚያመጡት ገንዘብ ይህ ቀላል አይደለም።

ጥራዙ ጥሩ ነው፤ ቀለበቱ ወረቀት አይነክስም፣ ሽፋኑም ወፍራም ነው። ጉድለቱ የታየው ክፍል ውስጥ ነው። አንዲት ተማሪ ተነሥታ አንቀጽ 58ን ስታነብ፣ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የሚመረጠው ለአምስት ዓመታት ነው የሚለው ላይ ደርሳ ቆመች። ቀጣዩ መስመር የለም። ሲባዛ ወረቀቱ ተንሸራትቶ ግርጌው ተቆርጧል፤ ያውም በ12ቱም ላይ።

ያ መስመር ደግሞ የዕለቱ ትምህርት ዋና ነበር። አምስት ዓመቱን ልጆቹ ያውቁታል፤ አንቀጽ 54ም በየአምስት ዓመቱ ይላል። የማያውቁት፣ የሥራ ዘመኑ ከማብቃቱ ከአንድ ወር በፊት አዲስ ምርጫ ተካሂዶ መጠናቀቅ እንዳለበት ነው። በ2012 ምርጫው በኮሮና ምክንያት ሲራዘም እነርሱ ሕፃናት ነበሩ። የፌዴሬሽን ምክር ቤት በትርጉም ዘመኑን አራዝሞ ድምፅ የተሰጠው ሰኔ 14 ቀን 2013 ነው፤ ያ ሁሉ ክርክር ከየት እንደ ተነሣ የምታሳያቸው ያቺ የተቆረጠች መስመር ናት። ስለ አሜሪካ የጠየቀኝን ልጅ በቃሌ መለስሁለት፦ የታችኛው ምክር ቤት በየሁለት ዓመቱ ይመረጣል፤ ሴናተር ስድስት ዓመት ይቀመጣል፣ ሲሶው በየሁለት ዓመቱ ለምርጫ ይቀርባል። የራሳችንን ግን ከወረቀቱ ላይ በዓይናቸው እንዲያዩት ነበር የፈለግሁት።

በማግስቱ ሁሉንም ተሸክሜ ተመለስሁ። ባለቤቷ አልተከራከረችኝም። «መምህር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ዋናውን ይተዉልኝና ማታ 12 ሰዓት ይምጡ» አለችኝ። ስደርስ የመጨረሻውን ቀለበት እያስገባች ነበር። የየገጹን ግርጌ በማስመሪያ ለክታ፣ እኔ ያላየሁትን ሌላ የተቆረጠ ገጽ አግኝታ እርሱንም ቀይራዋለች። አንድ ብር አላስጨመረችኝም። ለዚህ ትጋቷ ደግሜ እሄዳለሁ።

የምትሄዱ ካላችሁ ጠዋት ሂዱ፤ ከሰዓት በኋላ የመመረቂያ ጽሑፍ የያዙ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ይሰለፋሉ። ሒሳብ ከመክፈላችሁ በፊትም እዚያው ቆማችሁ የየገጹን የመጨረሻ መስመር አንብቡ።